ፈሪ ለእናቱ፣ ጀግና ለጎን ንፋስ

«አነስተኛ አውሮፕላን ለማረፍ ስትሞክር በንፋስ ምክንያት ከመንደርደሪያው ወጥታ ተገለበጠች።»

ይቺን ዜና ወይም ታናሽ እህቷን ያላነበበ ሰው ያለ አይመስለኝም። የአገሩ ስም ይለወጣል፣ የአውሮፕላኗ ዓይነት ይለወጣል፣ የተሳፋሪው ቁጥር ይለወጣል፤ ጥፋተኛው ግን ሁሌም ያው ነው፦ ንፋስ። ምስኪን ንፋስ! መታወቂያ የለው፣ ቀበሌ አይጠራ፣ ጠበቃ አያቆም፣ «ስሜን አጠፋችሁ» ብሎ ጋዜጣ አይከስ። እንደሱ የሚመች ተከሳሽ ከየት ይገኛል? ኩባንያው ይገላገላል፣ አለቃው ይገላገላል፣ «ቶሎ አድርሰን» እያለ ሲጨቀጭቅ የነበረው ተሳፋሪም (ከተረፈ) ይገላገላል። እኛ አንባቢዎችም «ቀኑ ደርሶ ነው» ብለን ገጹን እንገልጣለን።

ዛሬ ለንፋስ ጥብቅና ልቆም ነው። አትሳቁ። እኔ አብራሪ አይደለሁም፤ አውሮፕላን የማውቀው ከተሳፋሪ ወንበር ነው። ነገር ግን ከአብራሪዎች ጋር ሻይ ጠጥቻለሁ፣ የአደጋ ምርመራ ሪፖርቶችንም ሌላው ሰው ልብ ወለድ እንደሚያነበው አነባለሁ። ከዚያ ሁሉ ንባብና ሻይ በኋላ የያዝኩት አቋም ይህ ነው፦ ንፋስ አውሮፕላንን ይገፋል፤ ሰውን አደጋ ላይ የሚጥለው ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ነገር ነው። እሱም «ብመለስ ምን እባላለሁ?» ይባላል።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። የሞላ ወንዝ በዋና የሚሻገር የገጠር ልጅ ፊት ለፊቱ ወዳለው ዛፍ አይዋኝም። እንዲያ ካደረገ ውኃው ጠርጎ ታች ያወርደዋል። ፊቱን ውኃው ወደሚመጣበት አዙሮ፣ እያገደመ ይዋኝና ዛፉ ሥር ብቅ ይላል። የጎን ንፋስ ባለበት የምታርፍ አውሮፕላንም እንደዚያው ናት። አፍንጫዋን ወደ ንፋሱ መለስ አድርጋ እንደ ሸርጣን በጎን እየሄደች ትመጣለች።

ችግሩ መሬት ላይ ነው። ጎማ እንደ ሸርጣን አይሄድም፤ ጎማ የሚያውቀው ወደፊት ብቻ ነው። ስለዚህ መሬት ልትነካ ጥቂት ሰከንድ ሲቀራት አብራሪው በእግሩ አፍንጫዋን ከመንደርደሪያው የመሐል መስመር ጋር ያስተካክላል፤ በእጁ ደግሞ ንፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለውን ክንፍ ዝቅ አድርጎ ይይዛል፤ በዚያው በኩል ባለው ጎማም ቀድሞ ይነካል። እግር ወደ አንድ ወገን፣ እጅ ወደ ሌላው። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ደግሞ ንፋሱ ዝም ብሎ በሚነፍስበት ሰዓት ብቻ አይደለም፤ አንዴ እየበረታ አንዴ እየላላ በሚያላግጥበት ሰዓትም ጭምር ነው። ካላስተካከለ ጎማዎቹ በጎን ይመታሉ፣ የጎማው እግር ይታጠፋል፣ ክንፍ መሬት ይልሳል።

ከነካችም በኋላ አላለቀም። የትንሿ አውሮፕላን ጅራት ለንፋስ እንደተወጠረ ሸራ ነው። ንፋሱ ጅራቷን ሲገፋው አፍንጫዋ ወደ ንፋሱ ትዞራለች። «እፎይ፣ አረፍን» ብሎ እጁን ያላላ አብራሪ ራሱን ከመንደርደሪያው ውጪ ሣር ውስጥ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ለዚህም ነው አሠልጣኞች ሥራው የሚያልቀው አውሮፕላኗ ቆማ ስትታሰር ነው እያሉ ተማሪዎቻቸውን የሚነዘንዙት።

«ታዲያ ለምን ትንንሾቹ ናቸው የሚሰቃዩት?» ትሉኝ ይሆናል። ሒሳቡ ቀላል ነው። በዓለም ላይ በብዛት የተሠራችው አራት ሰው የምትይዘው ሴስና 172 ለማረፍ የምትመጣው በ62 ኖት ገደማ ነው፤ በሰዓት 115 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። የ15 ኖት ንፋስ ከጎን ቢመታት መስመሯን ለመጠበቅ አፍንጫዋን 14 ዲግሪ ያህል ማዞር አለባት። በ140 ኖት የሚመጣ ትልቅ ጄት ግን በዚያው ንፋስ 6 ዲግሪ ያህል ይበቃዋል። ለትልቁ ኩርኩም የሆነው ለትንሿ ጥፊ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቁጥር ልምጣ። የሴስና 172 መጽሐፍ ላይ ከጎን ንፋስ አጠገብ 15 ኖት የሚል ተጽፏል። ሃያ ኖት የሚል የተጻፈላት ደግሞ በየአገሩ ገጠር ሰውና ዕቃ የምታመላልሰው ካራቫን ናት። ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው ተሳፋሪ ስንቱ ነው? በእንግሊዝኛው «ታይቷል» የሚል ቃል አብሮት አለ። በአሜሪካ ሕግ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ፈቃድ ለማግኘት ቢያንስ ለማረፊያ ተዘጋጅታ ሳለ አየር ላይ መቆየት ከምትችልበት ዝቅተኛ ፍጥነት 20 በመቶ በሚሆን የጎን ንፋስ በደህና እንደምትገዛ መታየት ነበረባት። ያሳየው ማነው? የፋብሪካው ፈታኝ አብራሪ! ሥራው ይኸው የሆነ፣ ሙሉ እንቅልፍ የተኛ፣ በአዲስ አውሮፕላን፣ ስብሰባ የሚረፍድበት ተሳፋሪ ያልጫነ ሰው። ታዲያ የእሱን ቁጥር ወስደን ከዕረፍት በተመለሰ፣ ወር ሙሉ የጎን ንፋስ ባልቀመሰ አብራሪ ላይ ስንጭነው፣ የሌላውን ሰው ጫማ አጥልቀን የሩጫ ውድድር እንደመግባት ነው።

ቁጥሩን ያለማወቅ የትንንሾቹ በሽታ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 2008 ከሙኒክ የተነሳ የሉፍታንዛ ኤርባስ 320 ሃምቡርግ ላይ በማዕበል ውስጥ ለማረፍ ሲሞክር የግራ ክንፉ ጫፍ መንደርደሪያውን ነካ። አብራሪዎቹ ሙሉ ጉልበት ሰጥተው ተነሱና በሌላ መንደርደሪያ በሰላም አረፉ። 137ቱም ሰዎች ተረፉ። ቪዲዮው ዓለምን ዞረ፤ «ጀግኖች» ተባለ። የጀርመን የአደጋ መርማሪዎች ግን በጭብጨባው አልተደለሉም። ሁለት ዓመት ቆይተው ባወጡት ሪፖርት ካነሷቸው ነገሮች አንዱ ይኸው «ታይቷል» የሚለው ቁጥር ነው። ወሰን ነው ወይስ ምክር የሚለው በአብራሪዎቹ መጽሐፍ ውስጥ በግልጽ አልተብራራም ነበር። ልብ በሉ፤ ይህ በጀርመን፣ በትልቅ አየር መንገድ ነው። በትንሽ አውሮፕላን፣ በኮረኮንች መንደርደሪያ ላይ ብቻውን ያለውን አብራሪ አስቡት።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ ደግሞ ከፍታው አለ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ፣ መሣሪያው ላይ ያው ፍጥነት እየታየ አውሮፕላኗ በእውነቱ 15 በመቶ ያህል ፈጥና ትሄዳለች። ፍጥነት በ15 በመቶ ሲጨምር ለማቆም መዋጥ ያለበት ጉልበት በሲሶ ያህል ይጨምራል። ከመስመር የወጣች እንደሆነ ጉዳቱም በዚያው ልክ ነው። የቦሌ ሁለቱ መንደርደሪያዎች ደግሞ ጎን ለጎን፣ ወደ አንድ አቅጣጫ የተዘረጉ ናቸው። ከሰሜን ወይም ከደቡብ የሚመጣ ንፋስ ለሁለቱም የጎን ንፋስ ነው። በገጠር ያለው ማረፊያማ ከመጀመሪያውም አንድ ብቻ ነው።

እንግዲህ ንፋስ እንዲህ ከሆነ መድኃኒቱ ምንድነው? መድኃኒቱ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ዋጋውም የጥቂት ደቂቃ ነዳጅ ነው። አቀራረቡ ካላማረ ሞተሩን ሙሉ ሰጥቶ ተመልሶ መነሳት፣ ዞሮ እንደገና መሞከር፣ አሁንም ካላማረ ሌላ ቦታ ሄዶ ማረፍ። አብራሪዎች «ጎ አራውንድ» ይሉታል። እኛ ግን ምን እንለዋለን? «አቃተው» ነው የምንለው።

አንድ ጊዜ ለሥራ ጉዳይ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ተሳፍሬ ወደ አንድ የቆላ ከተማ ስሄድ ይህን በዓይኔ አየሁ። መሬት ልንነካ ትንሽ ሲቀረን ሞተሩ አገሳና ሽቅብ ወጣን። ከኋላዬ የተቀመጡ ጋሼ «ምነው ልጄ፣ ሜዳው ጠበበህ?» አሉ። ሰው ሳቀ። ዞሮ መጣ፤ አሁንም ተነሳ። ይሄኔ ሳቁ ቀረና ማጉረምረም ተተካ። «ልምድ የለውም»፣ «ልጅ እኮ ነው»፣ «ስብሰባው በሦስት ሰዓት ነው»። አብራሪው አንገቱን ዞር አድርጎ «ይቅርታ፣ ንፋሱ እስኪበርድ ሌላ ቦታ አርፈን እንጠብቃለን» አለ። አርፈን ጠበቅን። ሁለት ሰዓት ያህል የአውሮፕላኗ ክንፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ስናማው ቆየን። አንዱ በስልክ ለኩባንያው ኃላፊ ሲከሰው አጠገቡ ቆሞ ይሰማል።

ጠጋ ብዬ «አይዞህ ካፒቴን» አልኩት።

«ደብዳቤ ይጻፍብኛል» አለኝ ፈገግ ብሎ። «ግን መልስ የምጽፍበት እጅ ይዤ አድራለሁ።»

በኋላ እንደሰማሁት ነዳጁን ያባከነበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲያስረዳ እውነትም ተጠይቋል። እስቲ ፍረዱ! ሰው ይዞ የተመለሰ ማብራሪያ ይጠየቃል። ባይመለስና አውሮፕላኗን ቢገለብጣት ኖሮ ማብራሪያውን የሚሰጥለት ንፋስ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ጠቤ። የኛ ነገር ሲገርም፣ ተረታችን እንኳ ሁለት አፍ ነው። «ፈሪ ለእናቱ» እንላለን። ፈሪ ቤቱ ይገባል፣ እናቱም ልጇን ታገኛለች። ጥሩ ምክር ነበር። ግን የምንናገርበትን ድምፅ ስሙት፤ ስድብ እኮ ነው! ለእናቱ የተመለሰውን እያሽሟጠጥን፣ ያልተመለሰውን ደረት እየደቃን እንሸልልለታለን። በአብራሪ ወንበር ላይ የተቀመጠው ልጅ በዚህ ዜማ ያደገ ልጅ ነው። የአየር ትምህርት ቤቱ በሁለት ዓመት ያስተማረውን፣ እኛ ሃያ ዓመት ያስተማርነው ያሸንፈዋል።

ይህ ግን የአበሻ በሽታ ብቻ ነው ብላችሁ እንዳታፍሩ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1996 በአሜሪካ ዋዮሚንግ ግዛት ቻየን ከተማ የ7 ዓመት ልጅ፣ አባቷና የበረራ አስተማሪዋ በአንዲት ሴስና ውስጥ አለቁ። ልጅቷ አገሩን አቋርጣ በመብረር በዕድሜ ትንሿ ልትባል ነበር። ጋዜጠኞች በየማረፊያው ይጠብቋታል፣ ቴሌቪዥኑ ፕሮግራም ይዞላታል። ያን ጠዋት ነጎድጓድና ውሽንፍር እየመጣ ነበር። ከተማዋ ከባሕር ዳር ጋር የሚቀራረብ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኗም ከልክ በላይ ተጭናለች። ተነሱ፤ ወዲያው ወደቁ። በእርግጥ ይህ መነሳት እንጂ ማረፍ አይደለም። ነገሩ ግን አንድ ነው። የአሜሪካ መርማሪዎች ንፋሱን ጽፈው አላቆሙም። በዚያ የአየር ጠባይ ለመነሳት የተሰጠው ውሳኔ የተሳሳተ እንደነበር ጻፉ፤ ለውሳኔው ካበቁት ነገሮች መካከልም ለመገናኛ ብዙኃን በተገባው ቃል ምክንያት የተጨናነቀውን የጉዞ ፕሮግራም ጨመሩ። በዚያው ዓመት ሕፃናት እንዲህ ባለ የሪከርድ ሙከራ አውሮፕላን እንዳይዙ የሚከለክል ሕግ ወጣ። ምርመራ ማለት ይህ ነው። ንፋስ የት እንዳለቀና ሰው የት እንደጀመረ መለየት ነው።

ንፋስን አክብሮ መኖር የሚቻል መሆኑን ደግሞ ኔፓል ላይ እዩ። ጆምሶም የምትባል ከተማ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ በሁለት ግዙፍ ተራሮች መካከል በተዘረጋ ሸለቆ ውስጥ ትገኛለች። ፀሐይ ስትበረታ በሸለቆው የሚወጣው ንፋስ ኃይለኛ ነው። ስለዚህ በረራው በጠዋት ይሆናል፤ ረፋዱ ካለፈ «ነገ» ነው። ለንፋስ ሰዓቱን ለቅቀውለታል። ማንም «ፈሩ» አላላቸውም።

ሙግት እንደማይጠፋ አውቃለሁ። «ጥሩ አብራሪ ንፋስን ያሸንፋል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የሠለጠነ ሰው ያልሠለጠነው የማይችለውን ንፋስ ይችላል። ታዲያ አሠልጥኑታ! የጎን ንፋስ ማረፍ እንደ ክራር ነው፤ ጣት ካልነካው ይረሳል። ንፋስ በሌለበት ጠዋት ብቻ ፈትኖ ፈቃድ ሰጥቶ፣ ንፋስ ባለበት ከሰዓት በኋላ ልኮ፣ ሲወድቅ «ችሎታ የለውም» ማለት ምን ይባላል? ጥሩ አብራሪም ቢሆን ወሰኑን የሚያውቅ ነው እንጂ ወሰን የሌለው አይደለም።

«ተመልሶ መነሳትም ይገድላል እኮ» የሚልም አለ። ይህም እውነት ነው። ፍጥነቷ ከወረደ በኋላ፣ ከመስመር መውጣት ከጀመረች በኋላ፣ በድንጋጤ አፍንጫዋን ሽቅብ የሚጎትት አብራሪ አየር ላይ ያቆማትና ይዟት ይወድቃል። ይህ ግን የዘገየ መመለስ ነው። ያዘገየው ማነው? ይሉኝታው ነው። ቀድሞ ቢወስን ኖሮ መመለሱ ተራ ነገር ይሆን ነበር።

«ቢሆንም በማረፍ ላይ የሚሞተው ጥቂት ነው፤ ምን ያስጮህሃል?» የሚለኝ ደግሞ ዋናው ነው። የአሜሪካ የትንንሽ አውሮፕላኖች የደህንነት ሪፖርቶች ለዓመታት የሚሉት ይህንኑ ነው። በአብራሪ ምክንያት ከሚደርሱት አደጋዎች በቁጥር የሚበዛው በማረፍ ላይ የሚደርሰው ነው፤ ሰው የሚገድለው ግን ጥቂቱ ነው። እኔ የምጮኸው ግን በዚሁ ምክንያት ነው። ሰው ስላልሞተ «ተመስገን» ብለን እናልፋለን፤ ማንም አይማርም፤ ቀጣዩ አብራሪም እዚያው ጉድጓድ ይገባል። ደግሞስ መንገድ በሌለበት አገር አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ስትሰበር የሚጎዳው ባለቤቷ ብቻ ነው እንዴ? ምጥ የጠናባትን ሴት የሚያመጣው ማነው? ክትባቱን ማን ያደርሰዋል? የተሰበረው ክንፍ ሒሳብ የሚወጣው ባላወቅነው ቤት ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የትንንሽ አውሮፕላን ባለቤቶች፦ ተመልሶ ለተነሳ አብራሪ የነዳጅ ማብራሪያ መጠየቅን እርሱት። ከቻላችሁ በተቃራኒው፣ አቀራረቡ ሳያምር ታግሎ ያረፈውን «ለምን አልተመለስክም?» ብላችሁ ጠይቁት። የበረራ መርማሪዎች፦ የዓለም አቀፉ ስምምነት የምርመራ ዓላማ ሌላ አደጋን መከላከል እንጂ ጥፋተኛ መፈለግ አይደለም ይላል፤ ሪፖርታችሁን አሳትሙልን፣ እኛም እናንብበው። የሥራ ባልደረቦቼ ጋዜጠኞች፦ «በንፋስ ምክንያት» ብለን ነጥብ ከማድረጋችን በፊት ሦስት ጥያቄ እንጨምር። ንፋሱ ስንት ኖት ነበር፣ ከየት በኩል? አውሮፕላኗ የታየላት ስንት ነው? አብራሪው መመለስ ይችል ነበር ወይ፤ ከቻለስ ያስቀረው ማነው?

እኛ ተሳፋሪዎች ደግሞ አንዲት ልማድ አለችን፤ አውሮፕላን ሲያርፍ እናጨበጭባለን። ደስ ይላል፣ አልቃወምም። ግን አብራሪው በጣም የሚያስፈልገው ጭብጨባ ያ አይደለም። መሬቱን አይቶ፣ ንፋሱን አይቶ፣ ከኋላው ያለውን ጉርምርምታ ሰምቶ፣ ሞተሩን ሙሉ ሰጥቶ ሽቅብ ሲወጣ ነው ማጨብጨብ። የዚያን ቀን ሰውየው ያሸነፈው ንፋስን አይደለም፤ እኛን ነው።